መማሪያ መጽሐፍ አስከብረን መጽሐፍ ያጣን ሰዎች

በየሴሚስተሩ መጀመሪያ፣ ገና ስም ሳልጠራ፣ ለአዳዲስ ተማሪዎቼ ቁራጭ ወረቀት አድላለሁ። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ከመማሪያ መጽሐፍ ውጪ በዚህ ዓመት ያነበባችሁትን ወይም እያነበባችሁ ያላችሁትን መጽሐፍ ርእስ፣ የተጻፈበትንም ቋንቋ ጨምራችሁ ጻፉልኝ»። ነጥብ የለውም፤ ስምም አይጻፍበትም። ዓላማዬ ተማሪን ማሳፈር ሳይሆን ከማን ጋር እንደምነጋገር አስቀድሞ ማወቅ ነው። ይህን ልማድ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ወረቀቶቹንም አልጣልኳቸውም። በቅርቡ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዳሞታ ተራራ ጉም ለብሶ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ቢለኝ፣ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ያየሁት ነገር ዕረፍት ስለነሳኝ ይህን ልጽፍ ተነሣሁ።

በቅድሚያ ስለ አንድ የተለመደ ስሞታ እናውራ። «የዛሬ ወጣት አያነብም» የሚለው አባባል በእኛ በመምህራን ዘንድ ከሻይ ጋር አብሮ የሚቀርብ ወሬ ሆኗል። ወረቀቶቹ የሚሉት ግን ሌላ ነው። ባዶውን የሚመልስ ተማሪ መኖሩ እውነት ነው፤ ሆኖም አብዛኞቹ አንድ ነገር ጽፈዋል፤ አንዳንዶቹም ቦታው አልበቃ ብሏቸው ወደ ጀርባው ዘልቀዋል። ወጣቱ ያነባል። በስልኩ ያነባል፤ በቴሌግራም የሚዘዋወረውን፣ ገጹ ተንሻፎ የተነሣውን ቅጂ ያነባል፤ ሶዶ መናኸሪያ አካባቢ ከመጽሐፍ አዟሪ ተከራክሮ የገዛውን ከጓደኞቹ ጋር እየተቀባበለ ያነባል። እኛ በልጅነታችን ልብ ወለድ ከሱቅ በሳንቲም እየተከራየን፣ «ነገ ጠዋት መልስ» ስለተባልን ሌሊቱን በኩራዝ እንዳነበብነው ማለት ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ያነባል ወይስ አያነብም?» የሚለው አይደለም። «ምን ያነባል? ያነበበውስ ስለ ማን ይነግረዋል?» የሚለው ነው።

ወረቀቶቹን በዓይነት በዓይነታቸው ስለያቸው አራት ክምር ወጣቸው። ስለ እያንዳንዱ ክምር ያለኝን አስተያየት ሳልሸሽግ ልናገር።

ትልቁ ክምር «የስኬት መጻሕፍት» የምንላቸው ነው። ባለጠጋ ስለ መሆን፣ ስለ አስተሳሰብ ኃይል፣ ማልዶ ስለ መነሣት፣ አብዛኞቹ ከእንግሊዝኛ የተመለሱ ናቸው። ብዙ ባልደረቦቼ በእነዚህ መጻሕፍት ይስቃሉ፤ እኔ አልስቅም። በአገራችን የገጠር ሕዝብ እጅግ ተጨናንቆ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ወላይታ ነው። ከግማሽ ሄክታር ያነሰ የአባቱን መሬት ከሦስት ወንድሞቹ ጋር የሚካፈል፣ ዲግሪውን ይዞ ቀበሌ ለቀበሌ ሥራ የሚፈልግ ወጣት «ትችላለህ» የሚለውን ቃል ቢራብ አይፈረድበትም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። እነዚህ መጻሕፍት የሚያጽናኑትን ያህል ይከሳሉ። ሥራ አለመገኘቱ፣ መሬት አለመብቃቱ፣ ብር መርከሱ ሁሉ ተረስቶ፣ ጥፋቱ በመጨረሻ ያንባቢው አስተሳሰብ ጥፋት ይሆናል። ሰው የራሱን ሕይወት ከራሱ ስንፍና ውጪ የሚያስረዳበት ምክንያት እንዳይኖረው የሚያደርግ መጽሐፍ፣ ማጽናኛ መስሎ የገባ ፖለቲካ ነው።

ሁለተኛው ክምር መንፈሳዊ መጻሕፍት ናቸው፤ ይህም ለወላይታ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ አገር ብዙው ሰው ከንባብ ጋር የተዋወቀው በሃይማኖት በኩል ነው። የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ወደ ሶዶ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1928 ሲሆን፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተባርረው ሲሄዱ በምእመኑ እጅ የቀረው ጥቂት የወንጌል ክፍል ብቻ ነበር። ማንበብ የቻለው ላልቻለው እያነበበ፣ ያልቻለውም የሰማውን በቃሉ እየያዘ፣ ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ በጣት ይቆጠር የነበረው ምእመን ሺሕዎች ሆኖ ቆያቸው። ሃይማኖታችን የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ የማንበብን ጉልበት ለሚጠራጠር ሰው ግን ከዚህ የበለጠ ምስክር ከደጃፋችን አይገኝም። ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ልብ ወለድ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ዛሬም አለ፤ «ኦሮማይ» አለ፤ «ዴርቶጋዳ» አለ፤ «እመጓ» አለ። ሥነ ጽሑፍ አዋቂዎች በ2001 ዓ.ም. የወጣውን የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ሲያጣጥሉ እሰማለሁ። እኔ ግን ከዚያ በፊት አንድ መጽሐፍ ጨርሰው የማያውቁ ልጆች እሱን ለመጨረስ ሲሻሙ ስላየሁ ለደራሲው ባለውለታ ነኝ። የማልስማማው ከሕልሙ ጋር ነው፤ አገር በጥቂት ድብቅ ሊቃውንት ምሥጢር ትድናለች የሚለው ሐሳብ ጆሮ ይጥማል፤ የሁላችንን ሥራ ግን ለማናውቃቸው ጀግኖች አስረክቦ ያስተኛናል። ከአራቱ አንዱን ብቻ አንብብ የሚለኝ ተማሪ ካለ «ኦሮማይ»ን እሰጠዋለሁ። በዓሉ ግርማ በቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ተገኝቶ የመንግሥትን የቅስቀሳ ሥራ ከውስጥ ያየ ሰው ነበር፤ ያየውንም በ1975 ዓ.ም. ጻፈው። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መጽሐፍ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ለማወቅ የፈለገ ይህን ታሪክ ይይ።

አራተኛውና በእኔ ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የሚያነጋግረው ክምር የፖለቲካ ማስታወሻ ነው። የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን» በ2004 ዓ.ም.፣ የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» በ2006 ዓ.ም.፣ የፍሥሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ» በ2008 ዓ.ም. ወጥተው እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ከወዲያ በኩል የክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ» አለ። እነዚህን መጻሕፍት ያላነበበ ሰው የዛሬውን ፖለቲካ ያውቃል ብዬ አላምንም። ሁሉንም ጎን ለጎን አድርጎ ላነበበ ሰው ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል፤ እያንዳንዱ ጸሐፊ በራሱ መጽሐፍ ውስጥ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ነው፤ ጥፋተኛው ዘወትር በሌላው መጽሐፍ ውስጥ ያለው ሰው ነው። የጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ «መደመር» በ2012 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ደግሞ ሥልጣን ላይ ያለ መሪ ሐሳቡን በመጽሐፍ የሚያቀርብበት ዘመን መጥቷል። ይህ በራሱ መልካም ነው፤ የተጻፈ ሐሳብ ለመተቸት ይመቻልና። የሚያሳዝነው፣ መጽሐፉን ሲያወድሱትም ሲያንቋሽሹትም ከሰማኋቸው ሰዎች ብዙዎቹ ገልጠውት አለማወቃቸው ነው።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ያለ መምህርም ሊጽፈው የሚችል ነገር ነው። እሑድ ዕለት ዕረፍት የነሳኝ ከርእሶቹ አጠገብ የተጻፈው ነው፤ የቋንቋው ስም። አማርኛ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ አማርኛ… ከተማሪዎቼ መካከል አፋቸውን በወላይታቶ ዶና የፈቱ፣ እስከ ተወሰነ ክፍል ድረስም በእሱ የተማሩ ብዙ ናቸው። በወረቀቱ ላይ ግን ወላይትኛ የሚለው ቃል የሚገኘው መጽሐፍ ቅዱስ ከሚለው ጎን ብቻ ነው። አንድ ተማሪ ባዶ ቦታው ላይ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፤ «በወላይትኛ ማንበብ እችላለሁ፤ ከክፍል መማሪያ ሌላ የሚነበብ ግን አላየሁም»።

መዝገበ ቃላት፣ የተረትና ምሳሌ ስብስቦች፣ በግለሰቦች ጥረት የታተሙ ሥራዎች የሉም አልልም። የደከሙትን ሰዎች ድካም መካድ ነውር ነው። የምለው፣ ሥራዎቹ እዚህ ልጅ እጅ አልደረሱም ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሆኖ የተቆጠረ ሕዝብ፣ ማታ ራስጌው ላይ አስቀምጦ የሚያነበው የራሱ ቋንቋ ልብ ወለድ፣ የራሱ ማስታወሻ፣ የራሱ ታሪክ እንደ ልብ አይገኝለትም።

ይህን ነገር ከሌላው በበለጠ መራራ የሚያደርገው ያለፈው ታሪካችን ነው። በመጽሐፍ ምክንያት አደባባይ ወጥቶ የሞተ ሕዝብ በዓለም ላይ ብዙ አይደለም፤ እኛ አንዱ ነን። በ1992 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን፣ ያኔ በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ሳለን፣ ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን አቀላቅሎ «ወጋጎዳ» የተባለ አንድ ቋንቋ ተሠራ፤ መማሪያ መጽሐፍም በእሱ ታትሞ ወደ ትምህርት ቤት ገባ። አራቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች መሆናቸውን የሚክድ የለም። ዘመዳሞች ናቸው ማለት ግን አንድ ድስት ውስጥ ጨምሮ ማማሰል ይቻላል ማለት አይደለም። ልጅ ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣውን መጽሐፍ እናቱ ሰምታ «ይህ የማን አፍ ነው?» ብላ ጠየቀች። መምህራን ተቃወሙ፤ ተማሪዎች ወጡ፤ በኅዳር ወር የሶዶ ጎዳናዎች በተቃውሞ ተሞሉ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። መጻሕፍቱ ተነሡ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1993 ዓ.ም.፣ የሰሜን ኦሞ ዞን ፈርሶ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

እኔ በዚያን ጊዜ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኜ ከቤት ርቄ ነበር። ወሬውን የሰማሁት ወረፋ ጠብቄ በገባሁበት የስልክ ሳጥን ውስጥ ነው፤ የማውቀው የሰፈሬ ልጅ መቁሰሉን ነግረውኝ መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። የክልልነት ጥያቄው ተነሥቷል፤ በ2015 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዷል፤ ሶዶም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ሆናለች። መዋቅር አገኘን፤ ቢሮ አገኘን፤ ማኅተም አገኘን። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት ገደማ የተከፈለው ዋጋ ግን ለመዋቅር ብቻ አልነበረም፤ መነሻው መጽሐፍ ነበር። መማሪያ መጽሐፋችንን አስከበርን፤ ከመማሪያው ቀጥሎ የሚነበበውን ሁለተኛውን መጽሐፍ ግን አልጻፍንም። ራሱ የ1992ቱ ታሪክ እንኳ በዓይኑ ባየው፣ በቆሰለውና ልጁን በቀበረው ሰው አንደበት ተጽፎ፣ ተማሪዬ በወረቀቱ ላይ የሚያሰፍረው መጽሐፍ አልሆነም።

ወደኋላ ብንሄድም ያው ነው። በ1887 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ወላይታ ዘምተው ካዎ ጦና ስለተማረከበት ጦርነት ሲጠቀስ የምናገኛቸው ሁለት ጽሑፎች አሉ። አንዱ የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል ነው፤ ሌላው ዘመቻውን ተከትሎ የመጣው ፈረንሳዊ ቫንደርሄይም በ1896 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ያሳተመው የጉዞ ማስታወሻ ነው። ሁለቱም ዋጋ ያላቸው ምስክሮች ናቸው፤ ሁለቱም ግን የቆሙት በዘማቹ ሠራዊት ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአገሬው ተወላጆች ታሪካቸውን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ለመጻፍ መድከማቸውን አውቃለሁ። ነገር ግን በዚያ ጦርነት ቤቷ የተቃጠለባት እናት ለልጇ የነገረችው፣ ልጇም ለልጁ የነገረው ነገር፣ በተነገረበት ቋንቋ የትኛው ገጽ ላይ ነው?

አብዮቱንም እንዲሁ እንውሰድ። ተማሪዎቼ ኢሕአፓና መኢሶን በየትኛው ነጥብ ተለያዩ ብትሏቸው ሰዓት ሙሉ ይከራከራሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ማን የት እንደተገደለ ያውቃሉ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ዳሞታ ግርጌ የነበረው ጭሰኛ ምን እንዳለ፣ ከዚያ ቀደም ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ባንክ ብድር የተቋቋመው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ለገበሬው ምን እንደሰጠውና ምን እንደነሳው ግን አያውቁም። የሚያውቁት ሽማግሌዎች በየቀብሩ እየሸኘናቸው ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። የሌላውን ታሪክ ማንበብ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ድስታችን እያረረ መሆኑን አለማሽተታችን ነው።

አሁን ከቤቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው ከተካሄደባቸው አሥራ አምስት ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ስለነበር፣ እኔን በጀርባዋ አዝላ በራሷ ቋንቋ፣ በግዕዝ ፊደል ማንበብ ተማረች። እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመውን የወላይትኛ አዲስ ኪዳን እስከ ዛሬ መነጽሯን አጥልቃ ታነባለች። የእህቴ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ እሱም ወላይትኛ ያነባል፤ የሚያነበው ግን ከ1980ዎቹ ወዲህ ትምህርት ቤት በገባው በላቲን ፊደል ነው። አንድ ቀን ልጁ መማሪያውን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠና «አያቴ፣ አንቺ አንብቢልኝ» አላት። ገጹን አገላብጣ አየችውና መልሳ ሰጠችው። እሱም በተራው የእሷን መጽሐፍ ገልጦ ዘጋው። በአንድ አፍ የሚያወሩ፣ ሁለቱም ማንበብ የሚችሉ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ምድጃ ዙሪያ ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ገጽ ማንበብ አልቻሉም። መካከል ላይ ያለሁት እኔ ደግሞ በአማርኛ ተምሬ፣ በእንግሊዝኛ ዶክተር ሆኜ፣ ለሁለቱም የሚሆን አንድ ገጽ ጽፌ አላውቅም።

ይህን ስናገር ሦስት ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «በወላይትኛ ቢጻፍ ማን ይገዛል?» የሚለው ነው። ወረቀት በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመጽሐፍ ዋጋ የት እንደደረሰ ገዢ ሁሉ ያውቀዋል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ነገር ግን አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲያሳትም የአማርኛ ልብ ወለድ አንባቢ የሚባል ገበያ የት ነበር? «ፍቅር እስከ መቃብር» እስኪመጣ ሃምሳ ስምንት ዓመት ፈጀ። አንባቢን የሚፈጥረው መጽሐፍ ነው። በቅርቡ፣ በ2025 እ.ኤ.አ. ያረፈው ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ በእንግሊዝኛ ስሙ ከናኘ በኋላ ወደ ኪኩዩ ቋንቋው ተመለሰ፤ በዚያ ቋንቋ ልብ ወለዱን የጻፈውም እስር ቤት ሆኖ በመጸዳጃ ወረቀት ላይ ነበር። መጽሐፉ ሲወጣ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ሳይቀሩ በየቤቱና በየመጠጥ ቤቱ ተሰብስበው እያስነበቡ አደመጡት። የእኛም አባቶች የወንጌሉን ክፍል ያዳረሱት በዚሁ መንገድ እንደነበር ከላይ ተናግሬያለሁ። ገበያ የሌለው ነገር ሁሉ ሰሚ የለውም ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ይህ ጠባብነት ነው፤ አገር በቋንቋ መከፋፈሉ አይበቃም ወይ?» የሚል ነው። ይህን የምጽፈው በአማርኛ ነው፤ ከእናቴ ቋንቋ ቀጥሎ ደስታዬንም ቁጣዬንም የማወጣበት ቋንቋ ነውና። ሐዲስ ዓለማየሁ የእኔም ደራሲ ናቸው። ነገር ግን ጎጃምን ሳላየው ያወቅሁት በእሳቸው መጽሐፍ ነው፤ የጎጃም ልጅስ ወላይታን በማን መጽሐፍ ይወቅ? የማይነበብ ሕዝብ አይታወቅም፤ የማይታወቅ ሕዝብ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ጫማ በሚጠርግ ልጅ ብቻ ይመሰላል። አገር የሚያቀራርበው አንዱ ዝም ብሎ ሌላው ሲናገር ሳይሆን ሁሉም የራሱን ጽፎ፣ አንዱ የሌላውን ተርጉሞ ሲነባበብ ነው።

ሦስተኛው የፊደል ክርክር ነው፤ ላቲን ወይስ ግዕዝ? ይህ ክርክር የብዙ ምሁር ዕድሜ በልቷል። ፊደል ይለወጥ አልልም፤ በላቲን የተማሩ ትውልዶች አሉና እነሱን እንደገና መሃይም ማድረግ ግፍ ነው። እኔ የምለው አንድ ጽሑፍ በሁለቱም ፊደል፣ ግራና ቀኝ ገጽ ላይ ይታተም ነው። በዛሬው ኮምፒውተር ይህ ከትዕግሥት በቀር ብዙ አይጠይቅም። አያትና የልጅ ልጅ አንድ መጽሐፍ ገልጠው አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ያንብብ።

እንግዲህ ጣቴን ወደ ሌላ ከመቀሰሬ በፊት የራሴን ላውጣ። ለዶክትሬት ጥናቴ አረካ አካባቢ ከገበሬዎች ጋር ወራት ተቀምጬ በወላይትኛ ስጠይቅና ስቀርጽ ከርሜ ነበር። ከዓመታት በኋላ ገበያ ላይ ያገኙኝ አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው «ልጄ፣ ያን ጊዜ ከእኔ የወሰድከውን ወሬ የት አደረስከው?» አሉኝ። «መጽሐፍ ሆኗል አባቴ» አልኳቸው። ደስ አላቸው። «ታዲያ አምጣና አንብብልኝ እንጂ» አሉኝ። እንግሊዝኛ ነው ለማለት አፌ ተሳሰረ። ያ ጥናት የዶክተርነት ማዕረግ አስገኝቶልኛል፤ ከእሱ የወጡት ጽሑፎችም ለዕድገት አገልግለውኛል። ሽማግሌው ግን ስለራሳቸው የተጻፈውን አንዲት ዐረፍተ ነገር አልሰሙም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው በእንዲህ ያለው ነው፤ ውሃውን የቀዳሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ይደረግ የምለው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ስለዚህ አካባቢ ሕዝብ በሚጻፍ የመመረቂያ ጥናት ሁሉ ላይ፣ ተጠያቂዎቹ የሚረዱት አጭር ጽሑፍ በቋንቋቸው ይታከል፤ ተጽፎም ወደ ቀበሌያቸው ይመለስ። ሁለተኛ፣ የ1992ቱን ያዩ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ምስክርነታቸው በራሳቸው አንደበት ይቀረጽና ይጻፍ፤ የተቃወሙትም፣ መጽሐፉን ያዘጋጁትም፣ ትእዛዝ የፈጸሙትም ይናገሩ። እያንዳንዱ ጸሐፊ ብቻውን ንጹሕ የሚሆንበት ሌላ ማስታወሻ አንፈልግም። ሦስተኛ፣ በየጊፋታው በዓል ለድግስና ለመድረክ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ተቀንሶ በየዓመቱ አንድ የወላይትኛ መጽሐፍ በሁለት ፊደል ይታተምበት። አራተኛ፣ ትርጉም በሁለቱም አቅጣጫ ይሂድ፤ «ኦሮማይ» በ2025 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም በቅቷል፤ ወደ ወላይትኛስ የማይመለስበት ምክንያት ምንድን ነው? አምስተኛ፣ በቴሌግራም የደራሲን ላብ በነፃ ማዞር ይቅር። የቅጅ መብት አዋጅ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ከአዋጁ በላይ ግን ይሉኝታ ይያዘን። ገና ያልተወለደ የወላይትኛ ደራሲ ከመወለዱ በፊት በዚህ ልማድ እንዳይሞት እሰጋለሁ።

እኔም ከጥናቴ አንዱን ምዕራፍ ወደ ወላይትኛ መመለስ ጀምሬያለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አስቸግሮኛል። በላቲኑ አጻጻፍ አናባቢው የት እንደሚረዝም፣ የት እንደሚያጥር ስሳሳት የሚያርመኝ ያ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ቃል ሲጠፋኝ የምጠይቃት እናቴን ነው። ለዶክተር ያሳፍራል፤ ግን እንዲህ ያለ ማፈር ሳይጠቅም አይቀርም። እስካሁን አሥራ አንድ ገጽ ደርሻለሁ። ሲያልቅ አረካ ሄጄ ለሽማግሌው አነብላቸዋለሁ፤ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ለመጪው ሴሚስተር ተማሪዎቼም ወረቀቱ ላይ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ። «ምን እያነበባችሁ ነው?» ከሚለው በታች፣ «በእናታችሁ ቋንቋ ቢጻፍ ኖሮ ልታነቡት የምትፈልጉት መጽሐፍ ስለ ምንድን ነው?» የሚል ይሆናል። ውድ አንባብያን፣ ወላይታም ሁኑ አልሁኑ፣ ይህን ጥያቄ እናንተም ለራሳችሁ ብታቀርቡት ደስ ይለኛል። መልሱን ስታገኙ ደግሞ ሌላ ሰው እስኪጽፈው አትጠብቁ።

ቸር እንሰንብት።